የበሩ ጀልባና የግንቡ ጀልባ

ቂርቆስ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለጣውንቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር አንቺም ትስቂብኛለሽ፣ እግዜርም ይታዘበኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደምን ሰነበተች ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደ መግባት ነው ብለው አስተምረውናልና ልጠይቅሽ። እግርሽ እንዴት ነው? ጀሶው ተፈታልሽ? የሐይቅ ንፋስ ለተሰበረ አጥንት አይበጅም ይላሉ፤ ተሸፋፈኚ። እኔ ደህና ነኝ። ስኳሩም ደም ግፊቱም እንደ ክፉ ጎረቤት ለምዶኛል። ባላችን ብርሃነ ያላወለቃቸው ጥርሶቼም እስካሁን ያኝካሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረመስቀል ማክሰኞ ደውሎ «ለታ ከጀልባ ላይ አዳልጦት ወድቆ ትከሻው ተሰበረ፣ አይዞሽ» ያለሽ ውሸት ነው። በክፋት አይደለም፤ እግርሽ ተሰብሮ ከአልጋ ላይ እያለሽ እንዳትደነግጪ ብሎ ነው። ልጅሽ አልወደቀም፤ ተመቷል። ከኋላው፣ በሁለት ኪሎ መዶሻ፣ በጆሮውና በትከሻው መካከል። አልሞተም። አለመሞቱን ለመጨረሻው መስመር አቆይቼ ላሰቃይሽ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም፤ ይህን ቁጠሪልኝ። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፣ ከጆሮው ጀርባ ተሰፍቷል፣ የግራ ጆሮው አይሰማም። ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አያውቅ።

ልጄ አምኃ ታስሯል። «እኔ ነኝ የመታሁት» ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። የፊታችን ማክሰኞ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። የግድያ ሙከራ ነው የሚሉት። ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ጠይቄ ተነግሮኛል፤ እዚህ ልጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። የተጎጂው እናት ይቅር ካለች ይቀልለታል ይላሉ። እኔ ግን ይቅር በዪው ብዬ ልለምንሽ አልጻፍኩም። የሆነውን እንደሆነው እንድታውቂ ነው፤ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን።

ይህን የምጽፍልሽ ራሴ ነኝ፤ ያጻፍኩት ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ቂርቆስ፣ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች መዝሙረ ዳዊት ለማንበብ ወይም የባንክ ወረቀት ለመፈረም ነበር የሚማሩት። መምህሩ «እርስዎስ እናቴ፣ ለምን ሊማሩ መጡ?» ሲለኝ «የማነበው ሰው አለ» አልኩት። ሰው አይነበብም ብሎ ሳቀ። አንቺን ነበር። ብርሃነ በሚነዳው የጭነት መኪና፣ በኤንትሬው መቀመጫ ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደብዳቤዎችሽን ይደብቅ ነበር። መኪናውን ሲሸጥ ቆርቆሮውን አስቀረሁ። ስምንት ዓመት አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። ማንን «አንብብልኝ» እላለሁ? ሰፈሩ ሁሉ እንዲስቅብኝ?

ማንበብ ስችል በሩን ዘጋሁና ከፈትኩት። ስድብ ነበር የፈለግሁት። «አሮጊቷ»፣ «የጋራዧ ሴትዮ» የሚል ቃል ፈልጌ አሥራ ዘጠኙንም ወረቀት እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ጨረስኩት። የለም። እንዲያውም በአንዱ ላይ «የልጅህን እናት እጇን ሰበርካት አሉ። እውነት ከሆነ ሁለተኛ በዚህ በር አትምጣ» ብለሽዋል። ያን ወረቀት ቀደድኩት። ቀድጄም አልበቃኝ፣ አቃጠልኩት። የሚጠሉት ሰው ደግ ሆኖ ሲገኝ የት እንደሚያቃጥል አንቺ አታውቂም፤ አንቺ ማንንም ጠልተሽ አታውቂ ይሆናል። እኔ ግን የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ጸጉርሽን በሁለት እጄ ይዤ መሬት ለመሬት የጎተትኩሽ፣ እርጉዝ መሆንሽን አላውቅም ነበር ብዬ ለሰው ሁሉ ምያለሁ። አውቅ ነበር። ሆድሽን አይቼ ነው የጀመርኩት።

ብርሃነ ሁለታችንንም አንድ ዓይነት መትቶ እንደሆነ አላውቅም። እኔን ሲመታኝ አይጮኽም ነበር። ሥራ እንደሚሠራ ሰው ዝም ብሎ ይመታኛል፣ ሲጨርስ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ባፋው ላይ አጎንብሶ እጁን ይታጠባል። ፊቱን ሳይሆን ማጅራቱን ነው የማውቀው። ማጅራቱ ላይ ሁለት እጥፋት ነበረው፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጥቁር ነጥብ። እጁን ታጥቦ እስኪጨርስ ያንን አያለሁ።

ከሞተ በዓመቱ ካዛንቺስ የነበረችው ቤቱ ፈረሰችና ካሳው ለሁለቱ ልጆቹ ወጣ፤ ለኔው አምኃና ላንቺው ለታ። ስምንት ወር ተጨቃጨቁ። በስልክ የሚሰዳደቡት ስድብ ግድግዳ ያልፍ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ለታ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሰው ጀልባ ሲነዳ እንደኖረ ተናገረ፣ ወደ ደሴቶቹ ሰው ማመላለስ እንደሚችል፣ የራሱ ጀልባ ቢኖረው ለሁለቱም እንጀራ እንደሚሆን። ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ለታ ሐይቁ ላይ ይነዳል፣ አምኃ አዲስ አበባ ተቀምጦ ድርሻውን ያገኛል። አምኃ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የድለላ ሥራው ጠፍቶበት ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ የሚውል ሰው ስለሆነ እሺ አለ።

ከዚያ ለታ ብድግ ብሎ ያንቺን ቃል ተናገረ። «እናቴ ብረቱን እሷ ትምረጥ ብላለች። እሷ ብረት ታውቃለች፣ በብረት ደግሞ አትዋሽም ብላለች» አለ፣ እኔን እያየ። አቶ ገብረመስቀል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እሱ ካረጀ ወዲህ ሁሉም ነገር ያስለቅሰዋል። «ልጆቹ ካልተስማሙ የታላቂቱ ቃል ይጽና» ብሎ ሁለቱንም አስማላቸው። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። ጎይቶም ጋራዥ ሃያ ሁለት ዓመት የተጎዳ መኪና የሚደፈንበትን ስቱኮ እንዳሸሁ ማን ነገረሽ? ብርሃነ ነው? በኔ ሥራ ደግሞ አንቺ ፊት ይኮራ ነበር?

ለሽያጭ የቀረቡት ጀልባዎች የቆሙት ቡልጋሪያ ሰፈር፣ እዚያው ጎይቶም ጋራዥ ግቢ ነበር። ስለ ዓሣ ያጠና የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ጎይቶም በጨረታ የገዛቸው ናቸው። ሁለት አሉሚኒየም ጀልባ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቁመት። አንዱ በሩ ጋ፣ ሌላው ግንቡ ጋ፣ በጎማና በግንድ ላይ ተቀምጠዋል። የቆሙት በተሰባበሩ ሚኒባሶች መሀል ስለነበር ያለፈ ያገደመው ሁሉ መቀለጃ አደረጋቸው። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ በበሩ አንገታቸውን እያስገቡ «ዝዋይ በባህር! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ። አንዱ ደግሞ «ጋሽ ጎይቶም፣ የጥፋት ውሃ መምጣቱን ለብቻህ ነው የነገሩህ?» አለው። ጎይቶምም «አንተን አልጭንም፣ እንስሳ ሁለት ሁለት ነው የሚገባው፣ ያንተ ጥንድ ጠፋች» ብሎ መለሰለት።

ለታ ማክሰኞ ጠዋት ከዝዋይ ገባ። ያንቺን ሎሚ በፌስታል አምጥቶልኝ ነበር። ሰላም ብሎኝ ወዲያው መሬት ላይ በጀርባው ተኛና ከሁለቱም ሥር እየተንፏቀቀ ሆዳቸውን አየ። ሲነሳ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። «እትዬ፣ ይዩት ሆዱን» አለኝ። «እኛ የምንነዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ማዕበሉ በጥፊ ይመታዋል። ይሄ እንደ ማረሻ የሾለ ነው፤ ማዕበሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከደሴት መመለስ የምንፈራው በዚህ ምክንያት ነበር።» ሁለቱም እንዲያ ናቸው። ልዩነታቸው ሲጠጉ ነው። የበሩ ጀልባ ጎኑ የተጎዳጎደ፣ የብየዳው መስመር እንደ ጠባሳ ያበጠ፣ ቀለሙ የተላጠ ነው። የግንቡ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መቀመጫው ስፖንጅ አለው፣ መሪው ያብለጨልጫል።

ለታ የበሩን ፈለገ። አምኃም ወዲያው የግንቡን። ለታ የግንቡን ቢፈልግ አምኃ የበሩን ይመርጥ ነበር፤ ልጄን አውቀዋለሁ። «ያንን ቆርቆሮ ተወው ባክህ፣ ሰው ይሳቅብን እንዴ? ይሄ ፏ ያለ ነው!» አለው። ለታ «ሐይቁ ቀለም አያይም» አለ። «አንተ ደግሞ ገና ለገና ሐይቅ ዳር ስለተወለድክ አሳ ነኝ ልትል ነው?» «አሳ እንኳ አይደለሁም፣ ግን አሳዎቹ የበሏቸውን ሰዎች አውቃለሁ» አለ ለታ። እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ ረፈደ።

ጎይቶም ሰለቸው። «በቃ፣ ክርክር አያስፈልግም። ሁለቱንም ውሃ እንሞላቸዋለን፤ የሚያፈሰው ያፈሳል። ራዲያተር የሚፈተሸው እንዴት ነው?» አለ። ለታ ሳቀ። «ጋሽ ጎይቶም፣ ጀልባ ባልዲ ነው እንዴ? ውሃ የሚመታው ከውጭ ነው!» ጎይቶም ደግሞ «ከውጭም ከውስጥም ያው ውሃ ነው። ማለቴ፣ ካልወጣ አይገባም» አለ። አዲስ አበባ ሐይቅ የለ፣ ምን ይደረግ? የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ አራት ቀን ሆኖት ስለነበር የውሃ ቦቴ ተጠራ። ሁለቱንም እስከ ጉልበት ሞሉዋቸው። ቆመን ጠበቅን። የበሩ ጀልባ ከብየዳው መስመር አንድ ቦታ እንባ እንባ እያለ ማንጠብጠብ ጀመረ። የግንቡ ደረቅ ሆኖ ቀረ። አምኃ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኸ።

ሠራተኞቹ ምሳ ወጡ። ቦቴው መንገዱን ስለዘጋ ውጭ መኪናው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋ ነበር፤ ጎይቶምም ከሾፌሩ ጋር ሊጨቃጨቅ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሦስታችን ቀረን።

እኔ ወደ ግንቡ ጀልባ ሄድኩና ጣቴን አጥፌ አንኳኳሁት። አሉሚኒየም ሲያንኳኩት ይመልሳል። ከኋላው ጀምሬ ወደ አፍንጫው እያንኳኳሁ ሄድኩ፤ ይመልስልኛል፣ ይመልስልኛል። ከሆዱ ሥር፣ ሾሉ ላይ ስደርስ ድምፁ ሞተ። አንድ ክንድ ተኩል ያህል ድዳ ነው። መዳፌን አሳለፍኩበት። ስቱኮ ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ የተቀደደ ሆድ፣ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ታሽቶ፣ ቀለም ተቀብቷል። ጥሩ አድርጎ ያሸ እጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ላሸ እጅ ግን አይሸሸግም። ስቱኮ ለመኪና በር ነው። የሚደበደብ ነገር ላይ ሲሆን አንድ ቀን እንደ ቁስል ቅርፊት ባንዴ ይነሳል። የት እንደሚነሳ አወቅሁ፤ ሐይቁ መሀል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሞልቶ። ማን መሪው ላይ እንደሚሆንም አወቅሁ። አምኃ አይደለም። አምኃ አዲስ አበባ ነው።

ዘወር አልኩና «የግንቡን ግዙ» አልኩ።

ይህን በደንብ አንብቢው። ሳላውቅ አይደለም፣ ተሳስቼ አይደለም። እጄ አሁንም ስቱኮው ላይ ነበር። ስናገር ያሰብኩት ያንቺን ፊት ነው፤ ዳር ላይ ቆመሽ ውሃውን ስትጠብቂ። ያንን ሳስብ ደስ አለኝ።

ለታ አልተከራከረኝም። «እትዬ፣ በእጅዎ ነክተውታል?» አለኝ። «ነክቼዋለሁ» አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» «ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። «አይደለም፤ እናቴ ግን በብረት አይዋሹም ብላኛለች» አለ። እንደ ክስ አልነበረም፤ እንደሚለምን ሰው ነበር። አምኃ ጣልቃ ገብቶ «ዳኛዋ ፈረደች፣ አለቀ! ምለህ የለ?» አለው። ለታም «ምያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ግን አንዴ ልምታው» ብሎ ሠራተኞቹ ትተውት የሄዱትን መዶሻ ከመሬት አነሳና የግንቡ ጀልባ ላይ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ።

አምኃ ተከትሎት ዘሎ ገባ። «ውረድ አንተ ዲቃላ!» አለው። ለታ ዞረ። «ምን አልከኝ?» «ዲቃላ! የመንገድ ልጅ! እናትህ ሾፌር ስታድን የወለደችህ!» ከዚያ የመጀመሪያውን ቡጢ አምኃ ሰነዘረ፤ የኔ ልጅ ነው የጀመረው። የለታ ከንፈር ተቀደደ፣ ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። መዶሻው ከእጁ ተስፈንጥሮ ከጀልባው ውጭ እግሬ ሥር ወደቀ። ሁለተኛውን ቡጢ ለታ ያዘው። መረብ የሚጎትት እጅ ነው፤ አምኃን በአንገቱ ይዞ አነሳውና ውሃው ውስጥ አስተኛው። በጉልበቱ ደረቱ ላይ ሆኖ በሁለት እጁ ደፈቀው። አምኃ እግሩን ይፈራገጣል፣ ተረከዙ አሉሚኒየሙን እንደ ነጋሪት ይመታዋል። እኔ ጮህኩ። ውጭ ጥሩንባ ነው፣ ማን ይሰማኛል? ልጄ ባህር በሌለበት አገር፣ ቡልጋሪያ ጋራዥ ውስጥ፣ ጀልባ ላይ ሊሰጥም ነው።

ጎማው ላይ ወጣሁ። የጀልባውን ጠርዝ ያዝኩ። በዚያ ቅጽበት ከሥር «ጧ» አለ። የአምኃ ተረከዝ ስቱኮውን ፈነቀለው። ውሃው በአንድ ትንፋሽ ሆዱን ቀዶ ወጣ፣ የግቢውን ጥቁር ዘይት እየጠረገ ሄደ፣ የስቱኮ ቁራጭ እንደ ሰሃን ስባሪ ይዞ። ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። የአምኃ ፊት ከውሃው ወጣ። እያስታወከ ይሳደብ ነበር። የሚሳደብ ሰው አይሞትም።

ለታም ለቀቀው። ይህንንም በደንብ አንብቢው፤ ልጅሽ ለቆታል። እጁን አነሳ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ወንድሙን በትከሻው ይዞ ቀና አደረገው። ከዚያ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ አጎነበሰና የተቀደደውን አየ። ሳቀም። የማሸነፍ ሳቅ አልነበረም፤ እንደገረመው ሰው ነው የሳቀው። «አዩ እትዬ? ስቱኮ ነው እኮ» አለ፣ እጁን በቀረችው ውሃ እየታጠበ።

ሸሚዙ ረጥቦ ተጣብቆበት ነበር። ማጅራቱን አየሁ። ሁለት እጥፋት፣ በመካከሉ ጥቁር ነጥብ።

መዶሻው ወረደ።

ድምፁ ደረቅ ነበር፣ የማገዶ እንጨት ዓይነት። ለታ በፊቱ ወደቀ። የቀረችው ውሃ ቀላች፣ በቀዳዳውም እየተጥመዘመዘች ወጣች። አምኃ ተቀምጦ ነበር። ለታን አይደለም ያየው። ወደ ላይ ነው ያየው፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ እየተንገዳገደ ተነሳ፣ ወረደ፣ መዶሻውን ወሰደ፣ እጀታውን በረጠበ ሸሚዙ ጠረገው። «እማዬ፣ በሩ ጋ ሂጂ» አለኝ። አልተነቃነቅሁም። «ሂጂ አልኩሽ! ጎይቶምን ጥሪው!» አለ። ጎይቶም ሲገባ አምኃ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ሾርባ በፔርሙስ ይዤለት እሄዳለሁ፣ በማንኪያ አጠጣዋለሁ። ቀኝ ጆሮው ወዳለበት ነው የምቀመጠው። በሁለተኛው ቀን መርማሪው መጥቶ «ማን መታህ?» ሲለው «ከኋላዬ ነው፣ አላየሁም፤ አላስታውስም» አለ። መርማሪው ሁለት ጊዜ ጠየቀው፣ ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ። ሰውየው ሲወጣ ለታ ጣራውን እያየ በቀስታ «እትዬ፣ እኔ እኮ አምኃን ከፊቴ እያየሁት ነበር» አለኝ። ማንኪያው እጄ ላይ ቆመ። ከዚያ «ሾርባው ጨው አንሶታል» አለ። ጨው ጨመርኩለት፤ ጠጣ።

አምኃም ጋ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን በፍርግርጉ በኩል ጠጋ ብሎ «እማዬ፣ አፍሽን ዝጊ። በዚህ ዕድሜሽ ሲሚንቶ ላይ ልትተኚ ነው? አንድ ክረምት አትወጪም። እኔ ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ» አለኝ። ትናንትም ያንኑ አለኝ፤ «ዝም በይ ብቻ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።» አየሽ፣ ዝም በይ ያላለኝ ወንድ የለም። አባቴ ዝም በይ ብሎ ዳረኝ። ብርሃነ እጄን ሲሰብረው ሽማግሌዎቹ «ዝም በይ፣ ትዳርሽ እንዳይፈርስ» አሉኝ። አሁን ደግሞ ልጄ ከደግነቱ ዝም በይ ይለኛል። ላንቺው ልጅ ያዘንኩለትን ያህል በልጄ ተናድጃለሁ። ማን አድርግልኝ አለው? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሆኖ ኖሮ በዚህ ቀን ነው ጀግና የሚሆንብኝ?

ሁለቱም አባታቸውን አይመስሉም። ማጅራት ሰው አይደለም። ይህን ለማወቅ ስልሳ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፣ ያንቺንም ልጅ ጆሮ ፈጀ።

ስለ ጀልባው። ቃሌን አንስቻለሁ። ትናንት አቶ ገብረመስቀል ዘንድ ሄጄ «የበሩን ጀልባ ይግዙ» አልኩት። «ምነው ሐሳብሽን ቀየርሽ?» ሲለኝ «በብረት ዋሽቼ ነበር» አልኩት። እሱ እንደ ልማዱ አለቀሰ። የበሩ ጀልባ ማንጠብጠቡ ምንም አይደለም፤ የሚታይ ቀዳዳ ነው፣ የሚታይ ቀዳዳ ይበየዳል። ዛሬ ጎይቶም ሲበይደው አጠገቡ ቆሜ አየሁ፣ ሲጨርስም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳሁት። ሁሉም ቦታ ይመልሳል። ለታ ትከሻው ሲድን ይነዳዋል። ስለ ግንቡ ጀልባ ጎይቶምን ጠይቄው «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለ፤ እግዜር ይወቀው። ቆራርጦ ለድስት ሠሪዎች ቢሸጠው ይሻለዋል።

የዝዋይ መኪና ሾፌሩ ሚልዮን ይህን ደብዳቤ እሁድ እጅሽ ላይ ያደርሰዋል። ሰኞ አትምጪ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ጣቢያ ነኝ፤ ከመርማሪው ጋር ጉዳይ አለኝ። የስኳር መድኃኒቴን፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ቅያሪ ቀሚስ ጠቅልዬ አስሬያለሁ። አንቺ ረቡዕ ተነሺ። መናኸሪያ አምኃ ይጠብቅሻል። ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የስንጥቅ ጠባሳ አለው። ስድብ ቢወጣው አትከፊ፤ ከኔ የወረሰው ነው። ክራንችሽን ይይዝልሻል፣ ሆስፒታል ያደርስሻል።

ማደሪያም አትፈልጊ። ቂርቆስ ቤቴ አለ፤ ቁልፉን አምኃ ይሰጥሻል። ብርሃነ የሞተበት አልጋ ነው፤ ፍራሹ ወደ ግድግዳው በኩል ይጎደጉዳል፣ ወደ ውጭ ተኚ። አንሶላውን ዛሬ አጥቤዋለሁ። እስከምትፈልጊው ጊዜ ቆዪ፣ እኔ አልመጣብሽም። አንድ ጊዜ እንኳ በፈቃዴ ተኚበት።

ፈጣሪ እግርሽን ያጽናልሽ። የልጅሽን ጆሮ ይክፈትለት፣ ሐይቁንም ያረጋጋለት። ልጆቻችን ከእንግዲህ የሚጣሉት በቃል ብቻ ይሁን። ለኔ የሚሆን ምርቃት ካለሽ ለአምኃ ስጪው፤ ከሌለሽም አልታዘብሽም።

ጣውንትሽ